በአንድ ሳጥን የተኳረፉት

የብርጓል ተቀምጣ ስትበላ አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ዳቦውን በግራ እጇ፣ ስልኳን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ከመስኮት እስከ መደርደሪያ እየተመላለሰች ነው የምትጎርሰው። አምበር ያሉት እናቷ "ይችን ልጅስ ምጧም አላስቀመጠኝ" ይላሉ። ባሏ ይስማው ደጀን ላይ አስተማሪ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና "እኔ የማገኘው ሚስቴን ሳይሆን የሚስቴን ጀርባ ነው" እያለ ለጓደኞቹ ያማታል። ሐሜቱን ሰምታለች። ቁጭ ብላ ልትቆጣው አስባ፣ ቁጭ ማለቱ ስላልሆነላት ተወችው።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የገበሬ መሬት መዝገብ በሚጠበቅበት አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ብነግራችሁ የምታውቁት ሰው አይጠፋበትምና ነገር ይመጣብኛል። እዚያ ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ የእሷ ነው። ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር የእሷ ነው። የኃላፊው ስልክ ፎቶ አልልክ ሲል የእሷ ነው። የግድግዳው ሰዓት ሲቆም እንኳ "የብርጓልን ጥሯት" ይባላል። ሰዓቱ በባትሪ እንጂ በሶኬት እንደማይሠራ ብትናገርም የሰማት የለም።

በዚህ ሁሉ አትማረርም። እሷን የሚያማርራት አንድ ቃል ነው፤ "ሲስተም የለም" የሚለው። አባቷ አቶ ሙላት በልጅነቷ አንዲት ማኅተም ለማስመታት ከአምበር ወደ ከተማ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰዋል። ዘጠኙንም ጊዜ የተነገራቸው "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው" የሚል ነበር። በአሥረኛው ኃላፊው ተዛውረዋል ተባሉ። ታዲያ የብርጓል ሥራ የያዘች ቀን አባቷ ብዙ አልመከሯትም። "ልጄ፣ የለም ከሆነ የለም በይ። ካለ ስጪ። ሰው ግን ነገ ና ብለሽ አትመልሽ" ብቻ አሏት። ዛሬ "ሲስተም የለም" የሚባለው ያኔ "ስብሰባ ናቸው" ይባል የነበረው እንደሆነ የብርጓል ታውቃለች፤ ባላገሩም ያውቃል። ባላገር ሲስተም የለም ሲባል ማሽን ተበላሸ ብሎ አይረዳም፤ እጅህን ፍታ፣ ጉቦ አምጣ ተባልሁ ብሎ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ይህን ቃል በአፏ ላለመጥራት ለራሷ ምላለች። ስምንት ዓመት ከምናምን መሐላዋን ጠበቀች።

መሐላዋን ያፈረሰባት አንድ ሳጥን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሬቱ የመጀመሪያ ምዝገባ፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ፣ የማሳው ወሰንና አዋሳኝ፣ የባለመብቱ አሻራ፣ ሁሉም ያለው በአንድ አሮጌ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይጫን ቢሉት አሻፈረኝ ይላል። የለመደው አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ሚያዝያ ላይ ጭስ ብጤ አወጣና ላይነሣ ተኛ። መሥሪያ ቤቱ በድንጋጤ ተላወሰ። የብርጓል ግን ዲስኩን ከሬሳው አውጥታ፣ ሁለት ሳምንት ስትታገል ከርማ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ በአዲሱ ውስጥ አስገባችው። ሙያተኞቹ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። እሷ ለኃላፊው ስታስረዳ "አዲሱ ኮምፒውተር አከራይ ነው፤ አሮጌው ደግሞ በአንዱ ክፍሉ ውስጥ ያለ ተከራይ። ተከራዩ ቤቱ የራሱ ይመስለዋል፤ የሚበላውም የሚጠጣውም ግን ከአከራዩ ነው" አለች። ኃላፊው ብዙ ራሳቸውን ከነቀነቁ በኋላ "ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ስንት ኮምፒውተር አለን ልበል? አንድ ወይስ ሁለት?" ብለው ጠየቋት።

ተከራዩ ከአከራዩ ጋር መነጋገር አለበት። ምክንያቱም የአሻራ ማንሻውና ፕሪንተሩ የተሰኩት በአከራዩ ላይ ነው፤ መዝገቡ ያለው በተከራዩ ዘንድ ነው። ቀድሞ በሰው ስም ማስረጃ እያወጡ መሬት የሸጡ ሰዎች ስለተገኙ፣ ባለመብት በአካል ቀርቦ አሻራው በዚያው ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ካልተመሳከረ ወረቀት አይወጣም የሚል ደንብ ወጥቷል። እናም ሁለቱ ከተኳረፉ አሻራው አከራዩ ዘንድ፣ መዝገቡ ተከራዩ ዘንድ እንዳለ ይቀራል፤ ገበሬውም አውራ ጣቱን እንደዘረጋ ይቀራል።

ሰኔ እስኪጋመስ ድረስ ፍቅር ነበሩ። ከዚያ መኳረፍ ጀመሩ።

ኩርፊያቸውም ወግ አልነበረውም። ጠዋት ስትገባ ሰላም ናቸው። አከራዩ ይጠራል፣ ተከራዩ አቤት ይላል። ከምሳ በኋላ፣ ልክ ወረፋው ሲበዛ፣ ድንገት ጸጥ ይላሉ። አከራዩ ቢጠራ መልስ የለም። ተከራዩም ቢጠራ መልስ የለም። የብርጓል ትነሣለች፣ ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ አንዷን ቁልፍ ተጭና እንደገና ትነሣለች። የሁለቱን የአይፒ አድራሻ ታያለች፤ አልተለወጠም። እንግዳን ሁሉ በር ላይ የሚያስቆመውን ፋየርዎል ታጠፋለች፤ ለውጥ የለም። የኔትወርክ ፕሮግራሙን ነቅላ እንደገና ትጭናለች። ባሕር ዳር ያለ አንድ ባለሙያ ጋ ደውላ ስታማክረው "አጥፍተሽ አብሪው" አላት፤ ይህን ለመስማት ሠላሳ ደቂቃ መስመር ላይ ጠብቃለች። ያ ሁሉ ድካም ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ማምሻውን፣ ባላገሩ ተስፋ ቆርጦ ከሄደ በኋላ፣ ሁለቱ ማሽኖች ምንም እንዳልተፈጠረ መነጋገር ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ማሽኖቹን ብትመታቸው ደስ ይላት ነበር።

ባልደረቦቿ በየፊናቸው መድኃኒት አዘዙ። "ከሰዓት በኋላ ሰውም ይደክመዋል" አለ አንዱ። "መብራቱ ኃይል ያንሰዋል" አለች ሌላዋ። ኃላፊው ጠበል ቢረጭበት ምን ይመስልሻል አሏት፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አለየችውም።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ መጀመሪያ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከዲማ ነው የመጡት። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሙት ዓመቱን አውጥተው ቆብ ጭነዋል። የቀረቻቸው ሁለት ጥማድ መሬት ናት። እሷን እያሳረሱ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አሁን የባላቸው የወንድም ልጅ ተነሥቶ "መሬቱ የአባቴ ነው፤ አጎቴ በእኩል ያርሰው ነበር እንጂ የእሱ አልነበረም" ብሎ ከሰሳቸው። ወረዳ ላይ ረቷቸው፤ እማሆይ ደብረ ማርቆስ ይግባኝ አሉ። የይግባኙ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ የመጀመሪያው ምዝገባ በማን ስም እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት። ወረቀቱ ከተገኘ መሬቱ የእሳቸው ነው። ካልተገኘ የወንድም ልጅ በኅዳር አጭዶ ይወቃዋል።

ያን ቀን አውራ ጣታቸውን አስቀምጠው ሩብ ሰዓት ጠበቁ። የብርጓል በክፍሉ ውስጥ ስትንቆራጠጥ በዓይናቸው ሲከተሏት ቆዩ። በመጨረሻም የብርጓል አንገቷን ደፍታ፣ ያን የጠላችውን ቃል ከአፏ አወጣችው።

"እማሆይ፣ ሲስተም የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እማሆይ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ዓይናቸውን ሰበር አድርገው አዩዋትና "እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ" ብለው ወጡ። ያ "እንዳልሽ" የብርጓልን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛትም።

ሁለተኛ መጡ። ያኔም ከምሳ በኋላ ነበር፤ የዲማ መንገደኛ ከተማ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነውና። ያኔም ሁለቱ ተኳርፈው ነበር። የብርጓል በዚህ ጊዜ ወደ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው፤ "ጠዋት ይምጡ፣ ጠዋት ይሠራል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን መጥተው እዚህ ይደሩ" ብላ ለመነቻቸው። ፍርድ ቤቱም የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጥቷቸው ነበር። ዳኛው "በዚህ ቀን ወረቀቱ ካልቀረበ ባለው ማስረጃ ይወሰናል" ብለዋል። ባለው ማስረጃ ማለት በወንድም ልጅ ማስረጃ ማለት ነው።

ቀጠሮው ሐምሌ ውስጥ፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የብርጓል ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ስታይ ዋለች፤ እማሆይ አልመጡም። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ማሽኖች ሲጨዋወቱ አረፈዱ፤ እሷም በየአሥር ደቂቃው ኮሪደሩን እየተመለከተች ተንቆራጠጠች። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ፤ የሉም። መንገዱ ቀን እየመረጠ በሚከፈትበት በዚህ ዘመን ሰው ቀርቶ ደብዳቤም በቀጠሮው አይደርስም። ምሳዋን አልበላችም። ዳቦውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ረሳችው።

እማሆይ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ ጃንጥላቸው ተገልብጦ ገቡ።

"መንገዱን ዛሬ ማለዳ ነው የለቀቁት፣ ልጄ። ተዲማ ወጥቼ እስከ ጎዳናው በእግሬ ነው የመጣሁት" አሉ።

"ይቀመጡ እማሆይ፤ ጣትዎን ይስጡኝ" አለች የብርጓል። ሰላምታ እንኳ አላለችም። በኋላ ባሏን "ሰላም ሳልላቸው" እያለች ስትናደድ ከርማለች።

አሻራ ማንሻው አረንጓዴ በራ። ተከራዩ አቤት አለ። እማሆይ የዶማ እጀታ ያለሰለሰውን አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ፤ ማሽኑ አላነበበውም። ጣታቸውን በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና አስቀመጠችው፤ ገና ማንበብ እንደጀመረ ከጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። ደቂቃ አልቆየም። የኮምፒውተሩ ማያ ላይ ያች የምታውቃት ቀይ ጽሑፍ መጣች። ተከራዩ ጠፋ።

"ኧረ አሁንስ በእግዚአብሔር!" አለች የብርጓል ጮክ ብላ።

ተነሣች። አከራዩን ልትጠራ ሞከረች፤ ዝም። ተከራዩን ልትጠራ ሞከረች፤ ዝም። ኢንተርኔቱም ጠፍቷል፤ እሱ አላስገረማትም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ኢንተርኔት መሄዱ እዚህ አገር ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቅበትም። እሷም እስከዚያ ቀን አልጠየቀችም። የውጭው መንገድ ቢዘጋ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ምን አግብቷቸው? ብላ ነበር የምታስበው።

የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስምንት ከአሥር። ፍርድ ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለአሮጊት በጭቃ ላይ ከዚያም ይበልጣል። እማሆይ ጣታቸውን ከማንሻው ላይ አላነሡም ነበር።

"ሲስተሙ ሄደ፣ ልጄ?" አሏት በቀስታ።

እግሯ እንደ ልማዱ ይዟት ወጣ። ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። የሚያለቅስ ሰው ይመስል አፍንጫዋን እየሳበች ነበር፤ እያለቀሰችም ነበር። በሦስተኛው ዙር ከጽዳት ሠራተኛዋ ከጤናዬ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨች። ጤናዬ ከኮሪደሩ ጥግ ካለችው ጠባብ ክፍል እየወጣች፣ በሩን እየቆለፈች ነበር።

"አትስጊ፣ ነቅየዋለሁ" አለቻት ጤናዬ።

"ምኑን?"

"ያችን የምታብለጨልጨውን ሳጥንሽን ነዋ። ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም ነው የነቀልኋት።"

የምታብለጨልጨው ሳጥን የቤቱ ኮምፒውተሮች ገመድ ሁሉ የሚገናኝባት ስዊች ናት። የብርጓል ባለችበት ቆመች።

"ማን ንቀይ አለሽ?"

ጤናዬ ቁልፉን እንደያዘች አፈጠጠችባት። "አንችው ነሻ! ያን ጊዜ መብረቁ ሳጥኗን ከሦስት ኮምፒውተር ጋር ያነደደ ጊዜ፣ 'ጤናዬ፣ ከእንግዲህ ነጎድጓድ ስትሰሚ ማንንም ሳትጠይቂ ንቀይ፤ ሲያባራ መልሰሽ ሰኪ' አላልሽኝም? ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎልሁም። ምነዋ፣ አጠፋሁ?"

አላጠፋችም። ትእዛዙ የብርጓል ነበር። ያን ጊዜ ትክክል ነበረ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ያኔ ተከራይ አልነበረም፣ የራሱ ቤት ነበረው። እሷ ሚያዝያ ላይ ሁለቱን ስታስማማ፣ ሌሎቹም ክፍሎች መዝገቡን ማየት እንዲችሉ ብላ፣ ተከራዩን በዋናው የውጭ በር እንዲወጣና እንዲገባ አድርጋው ነበር። እንዲህ ሲሆን ከአከራዩ ጋር ለመነጋገር እንኳ ያ በር ክፍት መሆን አለበት። ስዊቿ ስትነቀል በሩ ይዘጋል። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው መደማመጥ ያቅታቸዋል። ዝናቡ ሲያባራ ጤናዬ ትሰካለች፤ የብርጓል ገመዱን ልትፈትሽ ስትመጣ ሁሉ ነገር ደህና ነው። በሰኔ መጋመሻ የጀመረው ሌላ ምንም አይደለም፤ ክረምቱ ነው።

የሰው እጅ ይኖርበታል ብላ ሳታስብ የፋየርዎል ደጅ ስትጠና መክረሟ አንገበገባት። ሳቅም መጣባት። ሁለቱንም ለኋላ አቆየቻቸው።

"ክፈችልኝ፣ አሁኑኑ ልሰካው ነው።"

"አይሆንም!" ጤናዬ በበሩ ላይ ጀርባዋን ለጠፈች። "ሰማዩን አትሰሚውም? ያኔ ግድግዳው ላይ የወረደውን እሳት ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንች ምሳ ሄደሽ ነበር። ቁልፉ በእጄ እያለ አይከፈትም።"

ጤናዬ ይህን ስትል ከቤቱ ጣሪያ በላይ አንድ ነጎድጓድ ወረደና መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የብርጓል እጇን ዘርግታ ነበር፤ ሰበሰበችው። ጤናዬ እውነቷን ነው። ስዊቿን ሰክታ አዲሱም ኮምፒውተር ከነተከራዩ ቢነድ የእማሆይ ብቻ ሳይሆን የዞኑ ገበሬ መዝገብ ሁሉ ጭስ ይሆናል።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ሮጣ ነው። የውጭው በር ካልተከፈተ በውስጥ በኩል በር ማውጣት ነው፤ ሁለቱ ብቻ የሚተያዩበት፣ ገመድም ስዊችም የማያስፈልገው በር። ይህ የሚቻል መሆኑን በትምህርት ቤት ተምራዋለች። ይቻላል ያለችው ግን ልቧ ነው እንጂ እጇ አድርጎት አያውቅም። ስምንት ከሃያ ሁለት።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ጤናዬ ከበሩ ሆና አይታታለች፤ ይህን መቀመጥ ለብዙ ሰው አውርታዋለች።

ተከራዩን አጠፋችው። የበሩን ዓይነት ለወጠች። ለሁለቱም አዲስ አድራሻ ልትሰጣቸው ነው፤ የመጀመሪያውን ስትጽፍ አንድ ቁጥር ሳተች፤ ስህተቱን እስክታገኘው አራት ደቂቃ ሄደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ተከራዩ ሲነሣ ቀስ ብሎ ነው፤ እንደ አሮጌ ሰው እያቃሰተ። እሷ ወንበሩ ላይ ጉልበቷን እያርገፈገፈች ጠበቀችው። እማሆይ በአጠገቧ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሁለት ሰው ጸለየ ማለት ይቻላል፤ አንዷ በአፏ፣ አንዷ በጉልበቷ።

አከራዩ ጠራ። አራት መስመር መልስ ተከታትሎ መጣ።

"ጣትዎን፣ እማሆይ! ጣትዎን!"

ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በሦስተኛው ማንሻው አረንጓዴ በራ፤ ማያው ላይም የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ወጣ። ሁለት ጥማድ፣ በባልና በሚስት ስም፣ የአዋሳኞቹ ስም ሳይቀር። ፕሪንተሩ ያን ቀን ወረቀት አልነከሰም፤ ምሕረት አደረገላት። ኃላፊውን ከስብሰባ ጠርታ አስወጥታ አስፈረመች፣ ማኅተሙን ራሷ መታች። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ በእማሆይ ብብት ውስጥ ከተተችው። ጤናዬ ጃንጥላዋን ይዛ፣ እማሆይን እስከ ፍርድ ቤቱ ላድርሳቸው ብላ ተነሣች። ዘጠኝ ሊሞላ አሥራ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። በሩጫ ይደርሳሉ።

የብርጓል ኮሪደሩ ድረስ ወጣች። አግዳሚው ላይ ሦስት ባላገሮች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እነሱም በሌላ ቀን መጥተው በባዶ እጃቸው የተመለሱ ናቸው። ደስታዋ ፊቷ ላይ ነበር። ስምንት ዓመት ከምናምን የጠበቀችው መሐላዋ የተመለሰላት መሰላት።

እማሆይ ከደረጃው ሲደርሱ ዞር አሉ። ፊታቸው በርቷል።

"ኧረ ረስቼው፣ ልጄ፣ በጓስ በደህና ደረሰችሽ ወይ?"

"የምን በግ፣ እማሆይ?"

"ያች ነጭ ጠቦት ነዋ። ባለፈው ስትመልሽኝ፣ በሩ ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ልጅ፣ አለበል ነው መሰል ስሙ፣ 'ማሽን ምንም አልሆነ፣ እማሆይ። እሷ በአፏ አትጠይቅም፤ በእኔ በኩል ይላኩላት' አለኝ። በልጄ እጅ ላክሁልሽ። ማክሰኞ አስረክቧታል።"

አለበልን የብርጓል ታውቀዋለች። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ላስቲክ ወጥሮ፣ ለባላገር ማመልከቻ እየጻፈ የሚውል ጎልማሳ ነው። ጠዋት ጠዋት ስትገባ ብድግ ብሎ "የኛ ኢንጂነር!" እያለ እጅ ይነሣታል። ስንት ሰው እንዲህ ብሎ ልኮ ይሆን? ስንቱስ በግ፣ ስንቱ ዶሮ፣ ስንቱ ማሰሮ ማር በእሷ ስም በዚያ በር ገብቶ ይሆን? ፊቷ ነደደ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። አልተቀበልሁም፣ ልቀበልም አልችልም፣ ማሽኑ እውነትም ተበላሽቶ ነበር፣ ስዊቿን ጤናዬ ነቅላት ነበር፣ ይጠይቋት።

ጤናዬም አፏን ልትከፍት ነበር።

ግን ይህን ብትናገር እማሆይ እዚያው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። በጌን ይላሉ። ወደ በሩ ወርደው ከአለበል ጋር ይያያዛሉ፤ የባላገር ሙግት ደግሞ በሩብ ሰዓት አያልቅም። ዳኛው ስማቸውን ጠርተው፣ አቤት የሚል አጥተው፣ መዝገቡን ይዘጉታል። አሥራ አራት ደቂቃ ቀርቷል። ለአንዲት ጠቦት ሁለት ጥማድ መሬት ይሄዳል።

የብርጓል ጤናዬን በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

"ደርሳለች፣ እማሆይ" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ይሂዱ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍዎ።"

"እኔማ አልተቀየምሁሽም" አሉ እማሆይ፣ ከልባቸው ነበር። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይዣት መጥቼ ቢሆን አንችም እንዲህ አትንገላችም፣ እኔም አልመላለስም ነበር።"

መረቋት። ልጅሽን ይባርክልሽ፣ ወንበርሽን ያጽናልሽ አሉ። ከዚያ በጤናዬ ጃንጥላ ሥር ሆነው፣ ፌስታሉን በብብታቸው ጨብጠው፣ እንደ ወጣት እየፈጠኑ በዝናቡ ውስጥ ወረዱ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሦስቱ ባላገሮች አንድም ቃል አላመለጣቸውም። የብርጓልን አዩዋት፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ልትናገራቸው አፏን ከፈተች። ሁለቱ ማሽኖች ከጀርባዋ፣ በክፍሉ ውስጥ፣ ያለ እንከን እየተነጋገሩ ነው፤ ተራው የእነሱ ነው፣ ይግቡ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ከሦስቱ አንዱ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና፣ ዓይኗን ሳያያት፣ ወደ በሩ ወደ አለበል ወረደ።